በየሰኔው የሚፈረመው ወረቀት

ልጄ፣ ዋሽንግተን ውስጥ በየዓመቱ በሰኔ አንድ አጭር ወረቀት ይፈረማል። ርዝመቱ ከአንድ ገጽ እምብዛም አያልፍም። ፕሬዚዳንቱ ይፈርሙበታል፣ ለኮንግረስ ይላካል፣ በመንግሥቱ ይፋዊ ጋዜጣም ይታተማል። በሰሜን ኮሪያ ምክንያት የታወጀው ብሔራዊ የአስቸኳይ ጊዜ ለአንድ ተጨማሪ ዓመት ይቀጥላል ይላል። ዜና አንባቢዎች በአንድ ትንፋሽ ያልፉታል። አንተም ሰምተኸው ከሆነ ውለህ ሳታድር ረስተኸዋል።

ስለዚህ ወረቀት ልነግርህ የተነሣሁት የአሜሪካን ሕግ ላስተምርህ ብዬ አይደለም። ነገ ከነገ ወዲያ አንተም ፊርማህ የሚፈለግበት ወንበር ላይ ትቀመጣለህ። የሚኒስቴር ወንበር ሊሆን ይችላል፣ የዕድር ሊቀመንበርነትም ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን ከአንተ በፊት የነበረው ሰው የፈረመውን ወረቀት አቅርበው «እንደነበረው ይቀጥል ብለው ይፈርሙልን» ይሉሃል። ያን ጊዜ እጅህ እንዳይቸኩል ይህን ታሪክ ብታውቅ እወዳለሁ። ዓመቶቹንና ወሮቹን የምነግርህ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1950 ነው። በጁን 25 የሰሜን ኮሪያ ጦር ድንበሩን ጥሶ ደቡቡን ወረረ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የቻይና ጦር ከሰሜኑ ጎን ገባና የተባበሩት መንግሥታትን ጦር ወደ ኋላ ገፋው። ዋሽንግተን ደነገጠች። በዲሴምበር 16 ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ብሔራዊ የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። በማግስቱ የአሜሪካ ግምጃ ቤት የቻይናንና የሰሜን ኮሪያን ንብረት አገደ። ዕገዳው የቆመው ከጠላት ጋር መነገድን በሚከለክለው የ1917 ሕግ ላይ ነበር።

ጦርነቱ ለእኛ የሩቅ ወሬ እንዳልነበረ ታውቃለህ። በሜይ 1951 የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ቡሳን ወደብ ላይ ወረደ። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋጋ። ሦስት ሻለቆች ተፈራርቀው ሲዘምቱ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደቁ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፣ አንድም ሰው አልተማረከም። ዘመን ተገለባበጠና ደርግ ደግሞ የፒዮንግያንግ ወዳጅ ሆነ፤ አዲስ አበባ ላይ የትግላችን ሐውልት ሲቆም ሰሜን ኮሪያውያን አገዙ። ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰው ሽማግሌ በዚያ ሐውልት ሥር ሲያልፍ ምን እንዳሰበ እኔ አልነግርህም። የመንግሥታት ጠላትነት የማይለወጥ እንዳይመስልህ ብዬ ነው ያነሣሁት።

ጦርነቱ በጁላይ 27 ቀን 1953 በተኩስ አቁም ቆመ። የሰላም ውል ግን እስከ ዛሬ አልተፈረመም። የትሩማን አዋጅም አልተነሣም።

እዚህ ላይ ቆም በል። ተኩሱ ቆሟል፣ ወታደሩ ቤቱ ገብቷል። አይዘንሃወር መጡ፣ ኬኔዲ መጡ፣ ጆንሰን መጡ፣ ኒክሰን መጡ። አዋጁ እንዳለ ነው። ማንም «ይቀጥል» አላለም፤ ማንም «ይብቃ» አላለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሴናተር ፍራንክ ቸርችና ሴናተር ቻርልስ ማትያስ የሚመሩት ኮሚቴ መዝገብ ሲያገላብጥ አራት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጆች ሳይሻሩ አገኘ። አንዱ ሩዝቬልት በ1933 ስለ ባንኮች ቀውስ ያወጁት ነው። ሌላው የትሩማን ነው። ሁለቱ የኒክሰን ናቸው፤ የ1970ው ስለ ፖስታ ሠራተኞች አድማ፣ የ1971ዱ ስለ ዶላርና ንግድ ጣጣ። በእነዚህ የተነሣ ለፕሬዚዳንቱ ልዩ ሥልጣን የሚሰጡ 470 ያህል የሕግ ድንጋጌዎች ተከፍተው ነበር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንላለን። እዚህ ግን ጅቡ ሄዶ ውሻው አርባ ዓመት ሲጮኽ ቤተሰቡ ድምፁን ለምዶት ተኝቷል።

ከዚህ ተምረው በ1976 አዲስ ሕግ አወጡ። ሕጉ የአዋጅን ነገር ገለበጠው። ድሮ ዝም ከተባለ አዋጁ ይቀጥል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዝም ከተባለ ይሞታል። ፕሬዚዳንቱ አዋጁ የወጣበት ቀን ከመድረሱ በፊት ባሉት ዘጠና ቀናት ውስጥ «ይቀጥላል» ብለው ካላሳወቁ ያበቃል። ኮንግረሱም በየስድስት ወሩ ተሰብስቦ ይምከርበት ይላል። ቀን የተቆረጠው ሰው እንዲጠይቅ ነው። «ምክንያቱ ዛሬም አለ ወይ?» ተብሎ እንዲጠየቅ።

ጥሩ ሕግ ነው። ግን ሕግ ቀን ሊቆርጥ ይችላል እንጂ ሰውን ሊያሳስብ አይችልም። የስድስት ወሩ ምክክር ብዙውን ጊዜ ሳይደረግ ይታለፋል። በ1979 በኢራን ላይ የታወጀው እስከ ዛሬ በየኖቬምበሩ ይታደሳል። አሁን በሥራ ላይ ያሉት አዋጆች ከ40 በላይ ናቸው። ጥያቄው እንዲጠየቅ የተቆረጠው ቀን ራሱ ልማድ ሆነ።

አሁን ወደ ሰሜን ኮሪያ እንመለስ። የ1950ው ዕገዳ በአዲሱ ሕግም አልተነሣም፤ በልዩ ድንጋጌ ተይዞ በየዓመቱ እየተራዘመ ቆየ። በዚህ መካከል ሰሜን ኮሪያ ዮንግብዮን በሚባል ስፍራ ትንሽ የኑክሌር ማብላያ ሠርታ ፕሉቶኒየም ማውጣት ጀመረች። በ1994 ነገሩ ወደ ጦርነት ሊያመራ ሲል የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ፒዮንግያንግ ሄደው መሪውን ኪም ኢል ሱንግን አነጋገሩ። ኪም ወዲያው በጁላይ ሞቱ። ንግግሩ ግን አልሞተም፤ በኦክቶበር ጄኔቫ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ሰሜን ኮሪያ ማብላያውን ታቆማለች። በምትኩ ለጦር መሣሪያ የማይመቹ ሁለት ዘመናዊ ማብላያዎች ይሠሩላታል፤ እስከዚያ ድረስ በየዓመቱ 500,000 ቶን ከባድ ነዳጅ ይሰጣታል።

ስምምነቱ መልካም ነገር አመጣ። ከማብላያው የወጡ 8,000 ያህል ያገለገሉ የነዳጅ ዘንጎች በተቆጣጣሪዎች ዓይን ሥር ተቀመጡ። ለስምንት ዓመት ከዚያ ቦታ ፕሉቶኒየም አልወጣም። ነዳጁ ግን ይዘገይ ነበር፤ ኮንግረሱ ገንዘቡን እያጉረመረመ ነበር የሚፈቅደው። በ2003 ይደርሳሉ የተባሉት ማብላያዎች የመጀመሪያ ኮንክሪታቸው የፈሰሰው በ2002 ኦገስት ነው። ለፒዮንግያንግ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆነባት። በበኩሏ እሷም ታማኝ አልነበረችም። በጎን ዩራኒየም ለማበልጸግ ዕቃ ታሰባስብ ነበር።

በኦክቶበር 2002 የአሜሪካ መልእክተኛ ጄምስ ኬሊ ፒዮንግያንግ ሄደው ስለ ዩራኒየሙ ጠየቁ። እዚህ ጋ ነው መታጠፊያው፣ ልጄ፣ ልብ ብለህ ስማኝ። ሰሜን ኮሪያ አታልላለች፤ ይህ አያከራክርም። ጥያቄው አታላይ የተገኘ ጊዜ ምን ይደረጋል ነው። የተያዘውን ፕሉቶኒየም እንደያዙ ስለ ዩራኒየሙ መጣላት ይቻል ነበር። የተመረጠው ግን ነዳጁን ማቋረጥ ሆነ። ሰሜን ኮሪያም በዲሴምበር ተቆጣጣሪዎቹን አባረረች፤ በጃንዋሪ 2003 ከኑክሌር ጦር መሣሪያ እገዳ ውል ወጣሁ አለች። ማብላያው ተቀጣጠለ፤ 8,000ዎቹ ዘንጎች ከተቀመጡበት ወጡ። ገና የሚሰበሰብ ዩራኒየም አናደዳቸውና የተቆለፈውን ፕሉቶኒየም አስከፈቱት። ሲናደዱ የሚወሰን ውሳኔ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ በእጅ ያለውን ይጥላል።

ቀጥሎ የማወራህን ከሁሉም ይበልጥ እንድትይዝልኝ እፈልጋለሁ። የሁለት ቢሮዎች ታሪክ ነው።

በ2003 ስድስት አገሮች ቤጂንግ ላይ መነጋገር ጀመሩ፤ ሁለቱ ኮሪያዎች፣ አሜሪካ፣ ቻይና፣ ጃፓንና ሩሲያ። ከሁለት ዓመት ጭቅጭቅ በኋላ በሴፕቴምበር 19 ቀን 2005 የጋራ መግለጫ ወጣ። ሰሜን ኮሪያ የኑክሌር መሣሪያዋንና ፕሮግራሞቿን ሁሉ ለመተው ቃል ገባች። ትልቅ ቀን ነበር። ነገር ግን ከዚያ ከአራት ቀን በፊት፣ በሴፕቴምበር 15፣ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ማካው ውስጥ ባንኮ ዴልታ ኤዥያ የሚባል ትንሽ ባንክ ለሰሜን ኮሪያ ሕገ ወጥ ገንዘብ መተላለፊያ ነው ብሎ አስታወቀ። ገንዘብ አስቀማጮች ተደናግጠው ባንኩን ወረሩት። የማካው ባለሥልጣናት 25 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሰሜን ኮሪያ ገንዘብ አገዱ።

25 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ መንግሥት ምንም አይደለም። የመጣው ፍርሃት ግን ትልቅ ነበር። ሌሎች ባንኮችም በአሜሪካ ዓይን እንዳይገቡ ሲሉ የሰሜን ኮሪያን ገንዘብ አንነካም አሉ። ፒዮንግያንግ ገንዘቤ ካልተመለሰ አልነጋገርም ብላ ተቀመጠች። በጁላይ 2006 ሚሳይሎች ተኮሰች። በኦክቶበር 9 ደግሞ የመጀመሪያውን የኑክሌር ሙከራ አደረገች።

የግምጃ ቤቱ ሰዎች ሥራቸውን ነው የሠሩት። ሐሰተኛ ዶላርና የተጠረጠረ ገንዘብ መከታተል ግዴታቸው ነው። የተደራዳሪው የክሪስቶፈር ሂልም ሥራ ትክክል ነበር። አንዱ ቢሮ በር ሲከፍት ሌላው ቢሮ በዚያው ሳምንት በሩን ዘጋ፤ ሁለቱን ያስታረቀ ግን አልነበረም። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ያሉት አባቶቻችን ስለ እንደዚህ ያለው ነው። ግፊቱ ሠራ፤ በጣም ሠራ እንጂ። ግን ለምን እንደሚገፉና ምን ሲያገኙ እንደሚያቆሙ አስቀድመው አልተስማሙም ነበር።

መጨረሻው ምን ሆነ መሰለህ? ከሙከራው በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2007 አዲስ ስምምነት ተደረገና ያን 25 ሚሊዮን ዶላር ራሳቸው አሜሪካኖቹ ለመመለስ ተስማሙ። ገንዘቡን የሚያስተላልፍ ባንክ ጠፋ። ማን ይንካው? በስንት ልመና በኒው ዮርክ የፌዴራል ሪዘርቭ ባንክና በአንድ የሩሲያ ባንክ በኩል በጁን ተላለፈ። በጁላይ ዮንግብዮን ተዘጋ። መዝጋቱ ከሙከራው በፊት ሊገኝ ይችል የነበረ ነገር ነው። ማሰር ቀላል ሆኖ መፍታት ከባድ እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

አሁን ወደ ወረቀታችን ልደት ደረስን። በጁን 26 ቀን 2008፣ በእኛ ሰኔ 19፣ ሰሜን ኮሪያ የኑክሌር ሥራዋን የሚዘረዝር ሰነድ ለቻይና አስረከበች። በዚያው ቀን ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ከጠላት ጋር መነገድን የሚከለክለው ሕግ በሰሜን ኮሪያ ላይ ከእንግዲህ አይሠራም አሉ። ከ1950 ጀምሮ የኖረው ዕገዳ በዚህ አበቃ። በማግስቱ ሰሜን ኮሪያ የዮንግብዮንን የማቀዝቀዣ ማማ በፈንጂ አፈረሰች፤ ዓለም በቴሌቪዥን አየው።

በዚያው በጁን 26 ፕሬዚዳንቱ አንድ ሌላ ትዕዛዝም ፈርመዋል፤ ቁጥሩ 13466 ነው። በኮሪያ ልሳነ ምድር ለጦር መሣሪያ የሚሆን የኑክሌር ቁስ መኖሩና የመሠራጨት አደጋው ለአሜሪካ ያልተለመደና ልዩ ሥጋት ነው ይላል፤ ስለዚህ አዲስ የአስቸኳይ ጊዜ ያውጃል። አሮጌውን ሰንሰለት በፈቱበት ቀን አዲስ ቀጭን ገመድ አበጁ። ቀጭን የምልህ ያዘዘው ጥቂት ስለነበረ ነው። ቀድሞ የታገደ ንብረት እንደታገደ ይቆይ ይላል፤ አሜሪካውያን መርከብ በሰሜን ኮሪያ ባንዲራ እንዳያስመዘግቡ ይከለክላል። ከዚያ ብዙም አያልፍም።

ሰው ይህን ሲሰማ «ተንኮል ነው» ይላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። የሚተማመኑ ሰዎች አልነበሩም፤ ሁሉን ፈቶ ባዶ እጅ መቆም ሞኝነት ይሆን ነበር። አዋጁን ማውጣቱ ያን ቀን ብልህነት ነበር። ጥፋቱ የመጣው በኋላ ነው፤ ገመዱ ሲወፍር ማንም ቆሞ አላየውም።

የሚቀጥሉትን ዓመታት ቶሎ ላሳልፍልህ። ሰነዱ ስለሚረጋገጥበት አሠራር ተጣሉ፣ በ2009 ኤፕሪል ሰሜን ኮሪያ ሮኬት ተኩሳ ከንግግሩ ወጣች፣ በሜይ ሁለተኛውን ሙከራ አደረገች። በ2010 ማርች ቾናን የተባለች የደቡብ ኮሪያ የጦር መርከብ ሰምጣ 46 መርከበኞች ሞቱ፤ ኦባማ በዚያ ዓመት ኦገስት በ2008ቱ አዋጅ ላይ አዲስ ትዕዛዝ ጨመሩ። በ2011 ሌላ ጨመሩ። የሶኒ ፒክቸርስ ኮምፒውተሮች ከተዘረፉ በኋላ በ2015 ጃንዋሪ ሌላ፣ በ2016 ሌላ። ትራምፕ በ2017 ሴፕቴምበር የባሰውን ጨመሩ፤ ከሰሜን ኮሪያ ጋር የሚነግድ የውጭ ባንክ ሁሉ ከአሜሪካ ባንኮች ጋር እንዳይሠራ የሚያስፈራራ። የጸጥታው ምክር ቤትም ከውሳኔ 1718 ጀምሮ ውሳኔ በውሳኔ ላይ ደረበ፤ በ2017 ብቻ የድንጋይ ከሰል፣ ብረት፣ የባሕር ምግብና ጨርቃ ጨርቅ እንዳይሸጡ ከለከለ፣ የተጣራ ነዳጅንም በዓመት በ500,000 በርሜል ወሰነ። ከ2006 እስከ 2017 ሰሜን ኮሪያ ስድስት የኑክሌር ሙከራዎች አደረገች። ማዕቀብና ሙከራ እየተፎካከሩ አደጉ።

ከዚያ 2018 መጣ። በጁን 12 ትራምፕና የሰሜን ኮሪያው መሪ ኪም ጆንግ ኡን ሲንጋፖር ላይ ተጨባበጡ። በማግስቱ ትራምፕ ከሰሜን ኮሪያ የሚመጣ የኑክሌር ሥጋት ከእንግዲህ የለም ብለው በትዊተር ጻፉ። በጁን 22፣ ዘጠኝ ቀን ቆይተው፣ ያን በየሰኔው የሚፈረም ወረቀት ፈረሙ። ወረቀቱ ደግሞ እንደ ልማዱ ሰሜን ኮሪያ ያልተለመደና ልዩ ሥጋት መሆኗን ይናገራል።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው ሳቀ። አንተ ብትሆን ትስቅ ነበር። እኔ ግን ልንገርህ፤ ከሁለቱ ትክክለኛው ወረቀቱ ነበር። መጨባበጥ ቦምብ አያፈርስም። አንድም የጦር ራስ አልተነሣም፣ አንድም ዝርዝር አልቀረበም። ያን ሰኔ አዋጁን ዝም ብለው ቢያስሞቱት ኖሮ፣ በላዩ የተገነባው ትዕዛዝ ሁሉ መሠረቱን ባጣ ነበር። በምትኩም አንድ ነገር ባላገኙ ነበር። ስለዚህ ማራዘሙ ልክ ነው። ልክ ያልሆነው በልሳን «አለቀ» እያሉ በብዕር «አላለቀም» ማለቱ ነው። ሕዝብን ለሁለት ቋንቋ የሚያለማምድ መሪ፣ እውነተኛው ሥጋት በመጣ ቀን የሚያምነው ያጣል።

የ2019ኙ የሃኖይ ስብሰባ ደግሞ ሂሳቡን ገሃድ አወጣው። ኪም በባቡር ቻይናን አቋርጠው መጡ። ምሳ ተዘጋጅቷል፣ የፊርማ ሥነ ሥርዓት ተይዟል። ሁለቱም ተሰረዙ። ትራምፕ ማዕቀቡን ሁሉ አንሡ አሉን አሉ። የሰሜን ኮሪያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሪ ዮንግ ሆ በበኩላቸው ሁሉን አልጠየቅንም አሉ፤ ዮንግብዮንን ልናፈርስ፣ ከአሥራ አንዱ የተባበሩት መንግሥታት ውሳኔዎች የሕዝቡን ኑሮ የሚነኩት አምስቱ እንዲነሡልን ጠየቅን አሉ። ችግሩ እነዚያ አምስቱ የ2016ና የ2017 መሆናቸው ነበር፤ የሚቆረጥሙት እነሱ ናቸው። የዮንግብዮን ዋጋ ስንት ነው? ከሰል ነው? ጨርቃ ጨርቅ ነው? ነዳጅ ነው? አሥር ዓመት ሙሉ ማዕቀብ ሲደረድሩ የኖሩት ሰዎች እያንዳንዱ በምን እንደሚለወጥ አስቀድመው ተስማምተው አልመጡም። ኪምም ቢሆኑ አንድ ግቢ ሰጥተው ሁሉን ለማስቀረት መሞከራቸውን አልረሳሁትም። ዋጋ ያልተቆረጠለትን ነገር ገበያ የወሰደ ሰው ወይ በርካሽ ይሸጠዋል ወይ ተሸክሞት ይመለሳል፤ ሁለቱም ተሸክመው ተመለሱ።

ይህን ሁሉ ስልህ ማዕቀብ የምጠላ እንዳይመስልህ። በ1935 ጣሊያን ስትወረን የመንግሥታቱ ማኅበር በሙሶሊኒ ላይ ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅን ግን ሳይጨምር ቀረ። ታንኩም አውሮፕላኑም በዚያ ነዳጅ መጡብን። በ1936 ጁላይ ያንኑም አነሡት። ግማሽ ማዕቀብ ምን እንደሚያደርግ እኛ አስተማሪ አንፈልግም። ነገር ግን ያኛው ወገን ደግሞ አለ። በ2017ቱ ውሳኔ ማናቸውም ብረታ ብረትና ማሽን ወደ ሰሜን ኮሪያ እንዳይገባ ሲከለከል፣ የውሃ ፓምፕም የሐኪም መሣሪያም ልዩ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሆነ። ባንኮች ፈርተው የረድኤት ድርጅቶችን ገንዘብ አናስተላልፍም አሉ። ውሳኔዎቹ ሕዝቡን ለመጉዳት የታሰቡ አይደሉም ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው፤ ሣሩ ደግሞ የታሰበውንና ያልታሰበውን ለይቶ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህስ? በ2022 ሴፕቴምበር ፒዮንግያንግ የኑክሌር ባለቤትነቷ የማይቀለበስ ነው የሚል ሕግ አወጣች። በ2024 ማርች ሩሲያ የማዕቀቡን አፈጻጸም ይከታተል የነበረውን የባለሙያዎች ቡድን ድምፅን በድምፅ በመሻር አስቀረችው፤ በዚያው ዓመት የሰሜን ኮሪያ ወታደሮች ለሩሲያ ሊዋጉ ኩርስክ ገቡ። በ2025 ፌብሩዋሪ ባይቢት ከሚባለው የክሪፕቶ ገበያ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተሰረቀ፤ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ሰሜን ኮሪያ ናት አለ። ያን ማካው ላይ የታገደውን 25 ሚሊዮን ዶላር አስታውስና ከዚህ ጋር አስተያየው። በስልሳ እጥፍ ነው። በሩ ሁሉ ሲዘጋበት መስኮት የሚሰብር ሰው አለ፤ ዘጊው ይህንንም ማስላት ነበረበት።

አንተ ይህ የነጮችና የኮሪያኖች ጉዳይ ነው ትል ይሆናል። አይደለም። በሴፕቴምበር 17 ቀን 2021 ፕሬዚዳንት ባይደን በዚያው የ1976 ሕግ፣ በዚያው አነጋገር፣ ስለ ኢትዮጵያ ብሔራዊ የአስቸኳይ ጊዜ አውጀዋል። ምክንያቱ የሰሜኑ ጦርነት ነበር። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በሁለት ተከፈሉ፤ ከፊሉ ማዕቀቡን ደግፎ፣ ከፊሉ ተቃውሞ በዋሽንግተን ጎዳናዎች ወጣ። በኖቬምበር 2022 ፕሪቶሪያ ላይ ግጭቱን ለማቆም ስምምነት ተፈረመ። አዋጁ ከዚያ በኋላ በ2023 ሴፕቴምበርም ታደሰ። በመታደሱ ተናደድህ ወይስ ደስ አለህ ብዬ አልጠይቅህም። ግን ያን ጊዜ ሰው ሁሉ «ይጣል» «አይጣል» ሲል፣ «ምን ሲሆን ይነሣል?» ብሎ የጠየቀ ስንቱ ነበር? እኔ በሰልፉ መፈክሮች ላይ ይህን ጥያቄ አላየሁም።

የኮሪያው ወረቀትም ጥያቄ ይኸው ነው። ቡሽ፣ ኦባማ፣ ትራምፕ፣ ባይደን ከፓርቲ ፓርቲ ይለያያሉ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ልዩነት አልነበራቸውም። አዋጁ መራዘሙ አያሳዝነኝም፤ ሥጋቱ አለ፣ ቦምቡ አለ፣ ሚሳይሉ አለ። የሚያሳዝነኝ፣ በ2008 የኑክሌር ቁስ እንዳይሠራጭ ተብሎ የተጀመረው ነገር ዛሬ ለምን ግብ እንደሚራዘም ብትጠይቅ አራት ሰው አራት መልስ የሚሰጥህ መሆኑ ነው። አንዱ ትጥቅ ማስፈታት ይላል፣ አንዱ መቅጣት፣ አንዱ ገንዘብ ማሳጣት፣ አንዱ ሌሎችን ማስፈራራት። ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገው መሣሪያ የተለያየ ነው፤ የሚነሣበትም ቀን የተለያየ ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ያን ወረቀት ባቀረቡልህ ቀን የመጀመሪያውን ትዕዛዝ ከመዝገብ ቤት አስመጥተህ አንብበው። ለምን ተጀመረ? ዛሬስ ያ ምክንያት አለ? ከዚያ በቢሮው ያሉትን ሰብስበህ፣ ተደራዳሪውንም ከሳሹንም ባንድ ጠረጴዛ አስቀምጠህ፣ ይህ በምን ነገር እንደሚለወጥና በምን ሁኔታ እንደሚያበቃ ጠይቃቸው። መልስ ካላቸው በጽሑፍ ተቀበልና ፈርም። ከሌላቸው አትፈርም አልልህም፤ ሥጋቱ እውነት ከሆነ ፈርም። ግን የሚቀጥለው ሰኔ ሳይመጣ መልሱን ጽፎ የሚያቀርብ ሰው በዚያው ሳምንት መድብ።